ስለ ሞተር ብስክሌት የፊት አሞርዛተር ዘይት ልክ

በዓመት አንድ ጊዜ በሚወጣው በዚህ መጽሔታችን ላይ የሚቀርበው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ታሪክ፣ ስለ ጤና አጠባበቅ ወይም ስለ ቡና መሆኑን አውቃለሁ። እኔ ግን ዘንድሮ እጅግ ትንሽ ስለሚመስል ነገር፣ ይኸውም በሞተር ብስክሌት የፊት እግሮች ውስጥ ስለሚጨመረው ዘይት ልክ ጥቂት ለመናገር ተነሥቻለሁ። አርእስቱን ለጓደኞቼ በነገርኋቸው ጊዜ ሳቁብኝ፤ አንደኛውም «ለከርሞ ደግሞ ስለ ጥሩምባው ትጽፍልናለህ» አለኝ። ይሁን እንጂ ይህን አርእስት እንድመርጥ ያስገደደኝ ምክንያት አለኝ፤ እርሱንም ወረድ ብዬ ስለምናገር አንባቢው እስከዚያ ድረስ እንዲታገሠኝ እለምናለሁ።

መርካቶ ስል የአዲስ አበባውን ማለቴ አይደለም፤ የራሳችንን የጅማውን ነው። ጅማ ከጥንቱ ከሂርማታ ገበያ ዘመን ጀምሮ፣ ዳግማዊ አባ ጅፋር በጅሬን ኮረብታ ላይ ሆነው ያስተዳድሩ በነበረበት ጊዜ ሁሉ፣ ከሩቅና ከቅርብ ነጋዴ የሚሰበሰብባት አገር እንደ ነበረች ይታወቃል። ያን ጊዜ ጭነቱን የሚያመላልሰው በቅሎና አህያ ነበር። ዛሬ ግን ከአጋሮ፣ ከሊሙ ገነት፣ ከየቡ፣ ከሰቃ፣ ከሰርቦና ከዴዶ ወደ ውስጥ በሚገባው የገጠር መንገድ ላይ ሰውንም ጆንያንም የሚያደርሰው ብዙውን ጊዜ ሞተር ብስክሌት ነው። መምህሩ በርሱ ወደ ሥራው ይሄዳል፤ የግብርና ሠራተኛው የቡና ማሳ ሊያይ በርሱ ይወጣል፤ የታመመ ሰውም መኪና በማይገባበት ቀበሌ በርሱ ታዝሎ ይወጣል። ስለዚህ የሞተሩ የፊት ጎማ በደኅና መቆሙ የባለቤቱ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

እኔ ከትምህርት ሰዓት በኋላና በክረምቱ ዕረፍት መርካቶ ውስጥ በአንድ የሞተር ጥገና ቤት እሠራለሁ። የቤቱን ጌታ ጋሼ እያልን እንጠራቸዋለን፤ በዚህ ጽሑፍም ጋሼ ብቻ እላቸዋለሁ። እዚያ ገብቼ መጀመሪያ ያስደነቀኝ የዕቃው ስም ነው። ከፊዚክስ መጽሐፋችን ላይ የተማርሁት ስም በጥገናው ቤት አይሠራም። ጠመዝማዛው ሽቦ ሞላ ነው፤ ዘይት የሚከለክለው ላስቲክ ጎሚኒ ነው፤ ብሎንና ዳዶ፣ ፍሬንና ማርሽ፣ ሞርሳና አሞርዛተር ሁሉ ከኢጣልያን ቋንቋ የተወረሱ ናቸው። ባለ ስድስት ማዕዘኑን ቁልፍ ብሩጎላ የምንለው እንኳ ኤጂዲዮ ብሩጎላ ከሚባል የኢጣልያ ባለ ፋብሪካ ስም የመጣ ነው። ወጣቶቹ መካኒኮች አሁን አሞርዛተሩን ሾክ ይሉታል፤ እኔ ግን የጋሼን ቃል እከተላለሁ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። የሞተር ብስክሌት የፊት ጎማ በሁለት እግሮች መካከል ተይዟል። እያንዳንዱ እግር ሁለት ቱቦዎች አሉት። የውስጡ ቱቦ የሚያብለጨልጭ ክሮም የለበሰ ሲሆን፣ በላይ በኩል ከመሪው ጋር ታስሯል። የውጩ ቱቦ ሰፋ ያለ ነው፤ በታች በኩል የጎማውን ዘንግ ይዞ በውስጠኛው ቱቦ ላይ ይወጣል፣ ይወርዳል። በቱቦዎቹ ውስጥ ሦስት ነገሮች ይገኛሉ፤ ሞላ፣ ዘይትና አየር። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ሞላውን ብቻ ነው።

ሞላው ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ወይም ድንጋይ ላይ ሲወጣ የሚመጣውን ኀይል ተቀብሎ ያኖራል፤ መልሶም ይሰጣል። ችግሩም ይህ መመለሱ ነው። ሮበርት ሁክ የሚባለው እንግሊዛዊ በ17ኛው መቶ ዓመት እንዳስተማረው፣ ሞላ በተጫኑት ልክ ይገፋል፤ ከለቀቁትም በኋላ ወዲያና ወዲህ መወዛወዙን በራሱ ፈቃድ ቶሎ አያቆምም። ሞላ ብቻ ያለው ሞተር አንዲት ጉድጓድ ካገኘ እንደ ኳስ ሦስትና አራት ጊዜ ይነጥራል፤ በነጠረም ቍጥር ጎማው መሬቱን ይለቃል። መሬቱን የለቀቀ ጎማ ደግሞ አይታጠፍም፣ ፍሬንም አይዝለትም። ዘይቱ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በእግሩ ውስጥ ትንንሽ ቀዳዳዎች ያሉት ዘንግ ቆሟል፤ እግሩ በታመቀና በተዘረጋ ጊዜ ዘይቱ በእነዚያ ቀዳዳዎች ውስጥ እየተጨነቀ ማለፍ ግድ ይሆንበታል። በዚህ መጨነቅ የመንገዱ ኀይል ወደ ሙቀት ይለወጥና ይጠፋል። ከአጋሮ የመጣ ሞተር እንደ ቆመ የፊቱን እግር በእጅ ቢዳስሱት ሞቅ ብሎ የሚገኘው አንዳንድ ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው።

ይህ ብልሃት ከሞተር ብስክሌት ጋር አብሮ የተፈጠረ አይደለም። የቀድሞዎቹ ሞተሮች የፊት እግር በብረት ክንዶችና በአንድ ሞላ የተንጠለጠለ ነበር። በጠላት ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ የኢጣልያ ወታደሮች በአገራችን የነዱት ሞቶ ጉዚ የሚባለው ሞተር እንኳ እንደዚህ ያለ ነበር። በቱቦ ውስጥ ቱቦ የሚገባበትን እግር በዘይት አስታግሦ በፋብሪካ ደረጃ መጀመሪያ ለገበያ ያቀረበው የጀርመኑ ቢ.ኤም.ደብልዩ ሲሆን፣ ዘመኑም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1935 ነው። ከዚያ ወዲህ ሌሎቹም ተከተሉት፤ ዛሬ መርካቶ ውስጥ የሚቆሙት ባጃጅ ቦክሰሮች፣ ቲ.ቪ.ኤሶችና ያማሃዎች ሁሉ በዚሁ ዓይነት እግር ይሄዳሉ።

ሦስተኛው ነገር አየሩ ነው፤ የዚህ ጽሑፍም ቁም ነገር ያለው በርሱ ላይ ነው። ዘይቱ እግሩን እስከ አፉ አይሞላውም፤ ከላይ ባዶ ቦታ ይቀራል። ክዳኑ ሲታሠር በዚያ ቦታ ያለው አየር መውጫ ያጣል። እግሩ በታመቀ ጊዜ ዘይቱ ከታች እየወጣ አየሩን ይጨምቀዋል፤ የተጨመቀውም አየር እንደ ሁለተኛ ሞላ ሆኖ ይገፋል። ስለዚህ የዘይቱን ልክ መወሰን ማለት የአየሩን ልክ መወሰን ማለት ነው። ዘይቱ ካነሰ አየሩ በዝቶ እግሩ ይልፈሰፈሳል፤ ፍሬን በያዙ ጊዜ የሞተሩ ፊት ወደ መሬት ይዘቀዘቃል፤ ዘይቱም አየር እየቀላቀለ አረፋ ይሆናል። ዘይቱ ከበዛ ደግሞ አየሩ እጅግ ያንሳል። ያነሰውስ ምን ያደርጋል ለሚለኝ ሰው መልሱን ከራሴ ታሪክ ልስጥ።

ታላቅ ወንድሜ ሞተር እየነዳ ሰውና ዕቃ ያመላልሳል፤ የቤታችንም ቀለብ፣ የኔም ደብተርና ጫማ የሚወጣው ከዚያ ነው። አምና በጥቅምት፣ ቡናው መቅላት በጀመረበት ሰሞን፣ የሞተሩ ፊት እየነጠረ አስቸገረውና ወደ ጥገናው ቤት አመጣልኝ። ጋሼ በዚያ ቀን ለቅሶ ሄደው ነበር። እኔም ሲሠሩ ብዙ ጊዜ አይቻለሁና ምን ይከብዳል ብዬ ጀመርሁ። የግራውን እግር አውጥቼ ዘይቱን ደኅና አድርጌ አንጠፈጠፍሁ። ወደ ቀኙ ስደርስ ግን መሽቶ ነበር፤ ወንድሜም ሰው ቀጥሮ ስለ ነበር ቁጭ ብሎ ሰዓቱን ያያል። ስለዚህ የቀኙን እግር አንድ ጊዜ ገልብጬ የወጣውን ያህል አወጣሁና አዲሱን ዘይት መጽሐፉ በሚለው መጠን በሲሲ ለክቼ ሞላሁ። ከዚያም ወንድሜ ከባድ ጭነት የሚጭን ስለ ሆነ ይጠንክርለት ብዬ፣ ለእያንዳንዱ እግር 20 ሲሲ ያህል ጨመርሁለት። ይህንን በፍቅር ያደረግሁት ነው። የዘይቱን ከፍታ ግን በማስመሪያ አልለካሁም።

በስድስተኛው ቀን ከአጋሮ ሲመለስ ከኋላው አንዲት ባልቴት፣ ከፊቱ ደግሞ ግማሽ ጆንያ ቡና ጭኖ ነበር። ቁልቁለት ላይ ከብቶች መንገድ ሲያቋርጡ አየና የፊቱን ፍሬን ያዘ፤ ፍሬኑ ግን አልያዘለትም። ወደ ጥጉ ሲጠመዝዝ ወደቁ። ባልቴቲቱ በእግዚአብሔር ቸርነት ጉልበታቸው ብቻ ተላጠ፤ የወንድሜ ግራ ክንድ ግን ተሰበረ። ሁሉም ጥፋቱን በከብቶቹና በጠጠሩ ላይ አደረገ፤ እርሱም ራሱ እንደዚያው አለ። ሞተሩ በጭነት መኪና ተጭኖ በመጣ ጊዜ ግን እኔ አየሁት። የቀኙ እግር ጎሚኒ ወደ ውጭ ተገፍቶ ወጥቷል፤ ዘይቱ በቱቦው ላይ ወርዶ የፍሬኑን ዲስክ እንዳለ ቀብቶታል። ዘይት የነካው ዲስክ ፍሬን እንደማይዝ ማንም ያውቃል።

ለሁለት ቀን ዝም አልሁ። በሦስተኛው ቀን ለወንድሜ ነገርሁት። እርሱም ጥቂት ካሰበ በኋላ፣ «እንግዲያው ዳግመኛ ስትሠራው አጠገብህ እቀመጣለሁ» አለኝ እንጂ ሌላ ነገር አልተናገረም። ጋሼ ግን ብዙ ተናገሩኝ፤ ከተናገሩትም ውስጥ «ልጄ፤ ይህ የወጥ ዘይት አይደለም በዓይን የሚጨመር» ያሉት አይረሳኝም። ወንድሜ ከሁለት ወር በላይ ሳይሠራ ቆየ፤ ያውም በቡና ለቀማው ወራት፣ ገንዘብ በሚገኝበት ጊዜ።

ከዚህ በኋላ ምን እንዳደረግሁ ለማወቅ በቍጥር ሠራሁት። የሒሳቡን ቅጠል ለጓደኞቼ ጠቃሚ ይሆናል ብዬ እዚህ አቀርባለሁ። የወንድሜ ሞተር የውስጥ ቱቦ ውስጡ 26 ሚሊ ሜትር፣ ውጩ 30 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። ክብ ስለ ሆነ የውስጡ ወለል 5.3 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ስለዚህ የዘይቱን ከፍታ በ1 ሴንቲ ሜትር ለማሳደግ 5.3 ሲሲ ዘይት ይበቃል። እኔ በቸርነት የጨመርሁት 20 ሲሲ ዘይቱን 38 ሚሊ ሜትር ከፍ አድርጎታል ማለት ነው። በቀኙ እግር ደግሞ ያላንጠፈጠፍሁት አሮጌ ዘይት ነበረ። ስንት እንደ ነበረ ለማወቅ ሌላ ጊዜ ሌላ እግር እንደዚያው አንድ ጊዜ ብቻ ገልብጬ ካፈሰስሁ በኋላ፣ እንደ ገና እያመቅሁና እየዘረጋሁ ባንጠፈጥፈው 30 ሲሲ ተገኘ። እንግዲህ የቀኙ እግር ትርፍ በድምሩ 50 ሲሲ፣ በከፍታም 94 ሚሊ ሜትር ነው። መጽሐፉ እግሩ ታምቆ ሞላው ወጥቶ ሳለ ከቱቦው አፍ እስከ ዘይቱ ፊት 150 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ሲያዝዝ፣ የኔ 56 ብቻ ነበር።

56 ሚሊ ሜትርም ቢሆን ቦታ ነው የሚል ይኖራል። ነገር ግን ሞላውም ገና ይገባል። ሞላውን ውኃ በሞላ መለኪያ ውስጥ ነክሬ ባየው ውኃው 40 ሲሲ ያህል ከፍ አለ። ስለዚህ በትክክለኛው ልክ ቢሆን እግሩ እስከ መጨረሻው ሲታመቅ ከ80 ሲሲ ክፍት ቦታ ላይ 40ው ለሞላው ሄዶ 40 ሲሲ ለአየሩ ይቀራል። እግሩ ሲዘረጋ ደግሞ ቱቦው 12 ሴንቲ ሜትር ስለሚሄድ 85 ሲሲ ያህል ይጨመርና 125 ይሆናል። ሮበርት ቦይል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1662 ባሳተመው ሕግ መሠረት የአየር ግፊት ቦታው ባነሰ መጠን ይበዛል፤ ስለዚህ ከ125 ወደ 40 ሲገባ ግፊቱ 3 ጊዜ ያህል ያድጋል። ይህ ደኅና ነው። 20 ሲሲ ትርፍ ያለበት የግራው እግር ከ105 ወደ 20 ይጨመቃል፤ ግፊቱ ከ5 ጊዜ በላይ ሆነ። ትርፉ 50 ሲሲ በሆነበት በቀኙ እግር ግን ሂሳቡ ከ75 ተነሥቶ ከዜሮ በታች 10 ላይ ይወድቃል! ከዜሮ በታች የሆነ ቦታ በዓለም ላይ የለም። እግሩ ለመጨረስ 2 ሴንቲ ሜትር ሲቀረው ግፊቱ ከ18 ጊዜ በላይ ሆኗል፤ ከዚያም በኋላ ዘይቱ እንደ አየር የማይጨመቅ ፈሳሽ ስለ ሆነ ወይ እግሩ ይቆማል፣ ወይ ጎሚኒው ይወጣል። ጎሚኒው ወጣ። ይህ ሒሳብ የሙቀቱን ነገር ያልጨመረ ቀለል ያለ ሒሳብ መሆኑን መምህራኖቼ እንደሚረዱልኝ አምናለሁ።

ከዚህ የተነሣ በሲሲ ለክቶ መጨመር ብቻውን አያስተማምንም። በፋብሪካ ደረቅ ቱቦ ላይ ለሚጨመር ዘይት የሲሲው ቍጥር ትክክል ነው፤ በጥገና ቤት ግን ስንት አሮጌ ዘይት በውስጥ እንደ ቀረ የሚያውቅ የለም። የዘይቱን ከፍታ መለካት ግን አሮጌውንም አዲሱንም አንድ ላይ ይቈጥራል።

አሠራሩን አሁን ልናገር። ሞተሩ በመካከለኛው ማቆሚያው ላይ ይቆምና የፊት ጎማው ከመሬት እስኪነሣ ድረስ ከሥሩ ሳጥን ወይም ክሪክ ይደረግለታል። እግሩ ከመውጣቱ በፊት መሪው አጠገብ ያለው ማጥበቂያ ብሎን ይላላና የላይኛው ክዳን በቁልፍ አንድ ጊዜ ይነቃነቃል፤ እግሩ ከወጣ በኋላ ክዳኑን ለመፍታት መታገል ትርፉ ቱቦውን መፋቅ ነው። ክዳኑን ሞላው ከታች ስለሚገፋው ሲፈቱ ፊትን ከላዩ ማራቅ ይገባል፤ ጋሼ አንድ ጊዜ ክዳን ጣራውን ሲመታ አሳይተውኛል፣ ያውም ሆን ብለው። ፍሬኑ ሲፈታ በሽቦ ይንጠለጠል እንጂ በቧንቧው ተንጠልጥሎ አይተው። ከዚያ ጎማው፣ የጭቃ መከላከያው፣ በመጨረሻም እግሮቹ ግራና ቀኝ እየተጠመዘዙ ወደ ታች ይወጣሉ።

ሞላው ሲወጣ የትኛው ጫፉ ወደ ላይ እንደ ነበረ ይታወስ፤ ሽቦው በአንድ በኩል ጠበቅ፣ በሌላው በኩል ሰፋ ያለ ሞላ አለና። ቀጥሎ አሮጌው ዘይት ይፈስሳል። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። እግሩን ገልብጦ ደጋግሞ ማመቅና መዘርጋት፣ ከዚያም ቢያንስ ለ20 ደቂቃ ተገልብጦ እንዲንጠፈጠፍ መተው ያስፈልጋል። የወጣው ዘይት ብዙ ጊዜ ግራጫ ነው፤ ሽታውም እንደ ከረመ ዓሣ ነው። ወተት የመሰለ ከሆነ ውኃ ገብቶበታል፤ በክረምት ወንዝ የሚሻገሩት ሞተሮች ላይ ይህ ይታያል። አሮጌውን ዘይት በጀሪካን ማጠራቀም ነው እንጂ ወደ ቦዩ መድፋት ነውር ነው፤ ቦዩ የሚወርደው ወደ አዌቱ ወንዝ ነው፣ ከአዌቱ በታች ደግሞ ልብስ የሚያጥቡና ከብት የሚያጠጡ አሉ።

ቱቦው ባዶ ሳለ ክሮሙን በጥፍር መዳሰስ ይገባል። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ወይም የዛገ ጉድጓድ ካለ አዲስ ጎሚኒ ቢገባም ይቈርጠዋል። የአገራችን ቀይ ጭቃ በቱቦው ላይ ሲደርቅ እንደ ሞረድ ስለሚሆን፣ በየማታው በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ከብዙ ወጪ ያድናል። ወንድሜ አሁን ጫማውን ሳያወልቅ በፊት ይህን ያደርጋል።

አሁን አዲሱ ዘይት ይገባል። መጽሐፉ የሚያዝዘውን ውፍረት መከተል ነው፤ በብዙ ትንንሽ ሞተሮች 10 ወይም 15 ቍጥር የሚባለው ነው። ቀጭን ዘይት በቀዳዳው ቶሎ ያልፋል፣ ወፍራሙ ይዘገያል። ቍጥሩ አንድ ሆኖ ሳለ የአንዱ ፋብሪካ ዘይት ከሌላው መወፈሩ የታወቀ ስለ ሆነ፣ በሁለቱ እግሮች የተለያየ ዘይት ማድረግ አይገባም። የሞተር ዘይት፣ ይልቁንም ያገለገለውን፣ የሚጨምሩ አሉ፤ እኔ ይህን አልደግፍም፣ በውስጡ ያለው የብረት ብናኝ ጎሚኒውን ይበላዋልና።

ዘይቱ ከሚፈለገው ጥቂት በዛ ተደርጎ ይጨመር። ከዚያም እግሩን በቀስታ አሥር ጊዜ ያህል ማመቅና መዘርጋት ነው፤ በዚህ ጊዜ በቀዳዳዎቹ ውስጥ የተደበቀው አየር እየተንጫጫ ይወጣል። ከዚያ እግሩን ቀጥ አድርጎ አቁሞ አረፋው እስኪጠፋ አሥር ደቂቃ መጠበቅ ነው። አረፋ ዘይት አይደለም፤ በአረፋው ላይ የለካ ሰው በማግስቱ ዘይቱ ጎድሎ ያገኘዋል።

ለመለካት ሦስት ነገሮች መሟላት አለባቸው። ሞላው መውጣት አለበት፤ እግሩ እስከ መጨረሻው መታመቅ አለበት፤ ቀጥ ብሎም መቆም አለበት። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ቍጥሩ ሌላ ነው። እርግጥ ጥቂት ፋብሪካዎች በሌላ አኳኋን እንዲለካ ስለሚያዝዙ መጽሐፉን አስቀድሞ ማየት ደግ ነው። ስለ መቆሙ፣ እግሩ 10 ዲግሪ ብቻ ቢያዘነብል በ26 ሚሊ ሜትር ቱቦ ውስጥ በአንዱ ጠርዝና በሌላው መካከል ከ4 ሚሊ ሜትር የበለጠ ልዩነት ይታያል። እኛ እግሩን በጨርቅ ጠቅልለን በሞርሳ ቀስ አድርገን ከያዝን በኋላ፣ አጠገቡ ክር ላይ ድንጋይ አንጠልጥለን እናስተካክለዋለን፤ እንደ ግንበኛ።

መለኪያው ራሱ ርካሽ ነው። ትልቅ ስሪንጅ፣ በጫፉ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ፣ በቱቦውም ላይ የምትሻገር አንዲት እንጨት ይበቃሉ። እንጨቷ በእግሩ አፍ ላይ ጋደም ስትል ከሥሯ የሚወርደው ቱቦ ልክ 150 ሚሊ ሜትር፣ ወይም መጽሐፉ ያዘዘውን ያህል፣ እንዲሆን ተደርጎ ይታሠራል። ከዚያ ስሪንጁን መሳብ ነው። ዘይቱ ከልኩ በላይ እስካለ ድረስ ዘይት ይመጣል፤ ልኩ ላይ ሲደርስ አየር ይስባል፣ ይንኰራኰራል። ያን ጊዜ ዘይቱ ትክክል ነው። መጀመሪያ አብዝቶ መጨመር የሚጠቅመው ለዚህ ነው፤ የበዛው ራሱ ይወጣል። ስሪንጅ የሌለው ሰው በደረቀ ቀጭን እንጨት፣ የሞተር ዘይት በምንለካበት ዓይነት፣ መለካት ይችላል፤ ነገር ግን እንጨቱ የቱቦውን ግድግዳ እንዳይነካ ይጠንቀቅ።

ሁለቱ እግሮች እኩል መሆን አለባቸው። አንዳንድ መካኒኮች እኩል ካልሆኑ ጎማው ይጣመማል ይላሉ፤ እኔ እንደማየው ዘንጉ ሁለቱን እግሮች አንድ አድርጎ ስለሚይዛቸው ጎማው እንዲህ በቀላሉ አይጣመምም። ሸክሙ ግን ዘይት በበዛበት እግር ላይ ይወድቃል፤ የርሱም ጎሚኒ ቀድሞ ይሄዳል። በወንድሜ ሞተር ላይ የሆነውም ይኸው ነው፤ የግራው እግር እስከ ዛሬ አልፈሰሰም።

ሲገጣጠም ብዙ የሚነገር የለም፤ የተፈታበትን መንገድ መልሶ መሄድ ነው። ብቻ የጎማውን ዘንግ ይዞ የሚያጣብቀው ብሎን ከመጥበቁ በፊት ሞተሩን ከማቆሚያው አውርዶ ፊቱን አራትና አምስት ጊዜ መጫን፣ እግሮቹም ራሳቸው ቦታቸውን እንዲያገኙ ማድረግ ይገባል። የፍሬኑንም እጀታ ጥንካሬው እስኪመለስ ድረስ ደጋግሞ መጨበጥ ነው። ይህን ሳያደርግ የወጣ ሰው የመጀመሪያውን ፍሬን ባዶ ሆኖ ያገኘዋል። በዲስኩ ላይ ዘይት ነክቶ እንደ ሆነ ዲስኩን በቤንዚን ማጠብ ይቻላል፤ ዘይት የጠጣው የፍሬን ሸራ ግን ይለወጥ እንጂ አይታጠብ።

ወላጆች ሞተር ባይነዱም ከኋላ ይቀመጣሉና፣ ከመሳፈራቸው በፊት ጎንበስ ብለው ሁለቱን የሚያብለጨልጩ ቱቦዎች ቢያዩ መልካም ነው። በቱቦው ዙሪያ የዘይት ቀለበት ወይም በዘይት የራሰ ጭቃ ከታየ ያ ሞተር ወደ ጥገና ቤት እንጂ ወደ አጋሮ መሄድ የለበትም። ይህን ብለው የሞተረኛውን ቅያሜ የሚፈሩ ካሉ፣ ያ ባለ ሞተር ምናልባት ራሱም አላየው ይሆናል።

የወንድሜ ክንድ ከዳነ በኋላ በጥር ወር ሞተሩን እንደ ገና ከፈትሁት። እንዳለውም አጠገቤ በርጩማ ላይ ተቀምጦ አንድም ነገር ሳይናገር እስከ መጨረሻው አየኝ። ለክቼ ስጨርስ የግራው 150፣ የቀኙ 149 ሆነ። ይህ የአንድ ሚሊ ሜትር ልዩነት፣ ማለት ግማሽ ሲሲ ያህል ዘይት፣ ምንም እንደማያደርግ ነገርሁት። እርሱ ግን ስሪንጁን ወደኔ ገፋ አደረገው፤ እኔም ግማሿን ሲሲ አወጣኋት።